ጋኑን አየን፤ ሠሪዋስ?

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ አንድ ወዳጄ «አገር ሳትወጣ አገር ላሳይህ» ብሎ ከአዳማ ብዙም በማይርቅ ሐይቅ ዳርቻ ወደተሠራ መዝናኛ ይዞኝ ሄደ። የመዝናኛውን ስም አልጠራም። ስም መጥራቱ ለነገሩ አይጠቅምም፤ ከቢሾፍቱ እስከ ላንጋኖ ድረስ ወንድምና እህቶቹ ብዙ ናቸውና። በግቢው ውስጥ «የጥንት መንደር» የሚል ሰሌዳ ተተክሏል። ከሰሌዳው ወዲያ አራት ጎጆዎች፣ አንድ ጎተራ፣ ቀንበርና ሞፈር፣ ወፍጮ ከነመጁ፣ ሙቀጫ ከነዘነዘናው ተደርድረዋል። በመሐሉ አንድ ትልቅ የጠላ ጋን ቆሟል፤ አፉ ላይ አበባ ተተክሎበታል።

ወዳጄ ፎቶግራፍ ሲያነሣ እኔ ጋኑ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ ጣቴን ከከንፈሩ ሥር እያዞርኩ ስዳብስ አንዲት የግቢው ሠራተኛ አየችኝና ጠጋ አለች።

«ጋሼ፣ የጠፋብዎት ነገር አለ?»

«የለም እህቴ፤ ማን እንደሠራው ለማወቅ ፈልጌ ነው።»

ልጅቷ ሳቀች። «ይሄማ ከገበያ ነው የተገዛው። ሠሪውን ማን ያውቀዋል?»

እውነቷን ነው። ከጋኑ ሥር በተቀመጠችው ካርድ ላይ የተጻፈው «የጠላ ጋን፤ ባህላዊ ዕቃ» የሚል ብቻ ነበር። ወዳጄ ቀኑን ሙሉ ሲደሰት ዋለ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጅቷ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ሠሪውን ማን ያውቀዋል?

እንዲህ ያለውን፣ ቤቱን ከነዕቃው፣ ዕቃውን ከነደጁ ሰብስቦ የሚያሳይ ሥፍራ ለአንባቢ እንዲቀል «የደጅ ሙዚየም» ብዬ ልጥራው። የሐሳቡ አባት አርቱር ሃሴሊዩስ የተባለ ስዊድናዊ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1872 ዳላርና ወደሚባለው ያገሩ ገጠር ሲጓዝ አሮጌው አኗኗር ባቡርና ፋብሪካ ፊት ቆሞ ሲሸነፍ አየ፤ ልብሱንም፣ ማንኪያውንም፣ አልጋውንም መሰብሰብ ያዘ። ኋላም ዕቃ ያለ ቤቱ አይናገርም ብሎ ቤቶቹን ራሳቸውን እያፈረሰ፣ እንጨቱን በእንጨት ላይ መልሶ እየገጠመ በዋና ከተማው በስቶክሆልም ተከላቸው። ስካንሰን የሚባለው ይህ ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ1891 ተከፈተ። ዛሬ ወደ 150 የሚጠጉ ቤቶች አሉት። ዝናው ከመስፋቱ የተነሣ ፖላንዶችና ቼኮች የደጅ ሙዚየምን ሁሉ በጥቅሉ «ስካንሰን» ብለው ይጠሩታል።

እንግዲህ ይህን ሐሳብ ለማመስገን ብዙ ምክንያት አለ፤ ለመጠርጠርም እንዲሁ። ስካንሰን በተመሠረተበት ዘመን በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ስዊድናውያን መሬት ጠቧቸውና ኑሮ ከብዷቸው ወደ አሜሪካ ይሰደዱ ነበር። ገበሬው ጎጆውን ጥሎ ሲሄድ ከተሜው የገበሬውን ጎጆ ለማየት ትኬት ይቆርጥ ነበር ማለት ነው። ናፍቆት እንዲህ ነው። የሚናፍቀው ቤቱን እንጂ በቤቱ ውስጥ ያደረውን ችግር አይደለም። ይሁን እንጂ ሃሴሊዩስ አንድ ነገር አልሳተም። ቤት ያለ ሰው ሬሳ እንደሆነ ገብቶት ነበርና በግቢው ውስጥ ሰዎች እንዲኖሩና እንዲሠሩ አደረገ። ዛሬም ወደዚያ የሚሄድ ጎብኚ ብርጭቆ የሚነፋውን፣ ዳቦ የሚጋግረውን ባለሙያ በሥራው ላይ ያገኘዋል።

የእኛዎቹ የሐይቅ ዳር «መንደሮች» ከስካንሰን የወሰዱት ቤቱን ነው፤ ሰውየውን ትተውታል። የዚህም ቅጣቱ ቶሎ ይታያል። አንባቢ የሣር ቤትን ጠባይ ያውቃል። የሣር ክዳንን ከምስጥ፣ ከነቀዝና ከብስባሽ የሚጠብቀው ከምድጃው የሚወጣው ጭስ ነው። ጥቀርሻ የምንለውና የምንጸየፈው ነገር ለጎጆው መድኃኒቱ ነው። እሳት የማይነድበት ጎጆ ከውጭ ሲያዩት ያማረ፣ ከውስጥ ግን ቀስ በቀስ የሚበላ ቤት ነው። በዚያ መዝናኛ ካየኋቸው አራት ጎጆዎች የሁለቱ ክዳን ከውስጥ እየረገፈ ነበር። ግድግዳቸው በቀለም አብረቅርቋል፤ ምድጃቸው ግን አመድ ነክቶት አያውቅም።

ነገሩ የአንድ መዝናኛ ጥፋት እንዳይመስል ሰፋ አድርጌ ልየው። በአዲስ አበባ፣ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ በመስከረም 2012 ዓ.ም. የተከፈተው አንድነት ፓርክ በአገራችን ለደጅ ሙዚየም ሐሳብ ከቀረቡት ሥራዎች አንዱ ነው። ከነገሥታቱ አዳራሾች ባሻገር ክልሎች ባህላቸውን የሚያሳዩባቸው ቤቶች አሉት። ተዘግቶ የኖረ ግቢ ለሕዝብ መከፈቱ ብቻውን ያስመሰግናል፤ እኔም ከአዳማ ተነሥቼ ሄጄ በማየቴ አልተጸጸትኩም። ቅሬታዬ በአከፋፈሉ ነው። ፓርኩ ሲከፈት አገሪቱ ዘጠኝ ክልሎች ስለነበሯት ነገሩ የተደለደለው በዘጠኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ክልሎቹ 12 ሆነዋል። ጎጆው ግን አንድም አልጨመረ፣ አንድም አልቀነሰ። ቤት የአስተዳደር ካርታ አያነብምና። ቤት የሚያነበው ዝናቡን፣ ነፋሱን፣ የእንጨቱን ዓይነት፣ የከብቱን ብዛት ነው። በኦሮሚያ ውስጥ ብቻ እንኳ በፈንታሌ ቆላ ከብት ተከትሎ የሚሄደው ከረዩና በአርሲ ደጋ ገብስ የሚዘራው ገበሬ አንድ ዓይነት ቤት አይሠሩም። በክልል የተመደበ ቤት ጎብኚውን «ይህ የእነ እገሌ ነው» ያሰኘዋል፤ «ይህ ለምን እንዲህ ተሠራ? ማንስ ሠራው?» አያሰኘውም። የመጀመሪያው አባባል ባለቤትን ያሳውቃል። የሁለተኛው ጥያቄ ግን ወደ ሠሪው ይወስዳል።

የሚገርመው ሠሪውን አጥብቆ የሚጠይቅ የደጅ ሙዚየም በአገራችን መኖሩ ነው። ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ በአዋሽ ዳር የሚገኘው መልካ ቁንጡሬ ነው፤ ያው አዋሽ ወርዶ ቆቃ የሚጠራቀመው፣ የወንጂን ሸንኮራ የሚያጠጣው፣ የእኛ የአዳማዎቹ አዋሽ። ሥፍራውን እ.ኤ.አ. በ1963 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ዴከር የተባለ ሆላንዳዊ የውሃ ባለሙያ ሲሆን ከ1965 ጀምሮ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ለረጅም ዓመታት ቆፍሮታል። እ.ኤ.አ. በ2024 መልካ ቁንጡሬ ከባልጩት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ሙዚየሙ በክብ ጎጆዎች ውስጥ ነው፤ ከቁፋሮዎቹም አንዱ እንደተገኘ በቦታው ክፍት ሆኖ ይጎበኛል።

እዚያ የታየኝን ነገር ለአንባቢ በቀላሉ ማስረዳት እችል እንደሆነ እንጃ። በመልካ ቁንጡሬ ጥናቱም ትርኢቱም የሚዞረው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው፦ ይህን ድንጋይ የፈለጠው እጅ ምን አደረገ? ድንጋዩን ከየት አመጣው? የመጀመሪያውን ምት በየት በኩል መታ? ፍልጡስ የት ወደቀ? ለባልጩት ድንጋዩ፣ ቢላዋ ለሚያክለው ስለቱ፣ ለወዳደቀው ስብርባሪ ሁሉ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ተለክቶ፣ ተሥሎ ተመዝግቧል። ስሙ የማይታወቅ፣ ቋንቋው የማይታወቅ፣ ከሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረ ፍጡር የእጁ ሙያ እንዲህ ይከበራል። ባለፈው ወር በገበያ ቀን ጋን ተሸክማ የመጣችው ሴት ግን «ባህላዊ ዕቃ» በሚለው ቃል ተሸፍና ትቀራለች። ለምን? የመጀመሪያው ከእኛ ጋር ቡና ጠጥቶ ስለማያውቅ ይሆን?

ወደዚህ ጥያቄ እመለሳለሁ። ከዚያ በፊት ግን አጥርም ትኬትም ወደሌለው ሌላ ሙዚየም አንባቢን ላድርስ።

ከሞጆ ተነሥቶ በመቂ፣ በባቱ፣ በአዳሚ ቱሉ፣ በቡልቡላና በአርሲ ነገሌ አድርጎ ወደ ሻሸመኔ በአሮጌው መንገድ የሚሄድ ሰው፣ በተለይ ከባቱ ወዲያ፣ በግራና በቀኝ ከግራሩ መሐል በደማቅ ቀለም የተሣሉ መቃብሮችን ያያል። የአርሲ ኦሮሞዎች መቃብሮች ናቸው። በድንጋይና በሲሚንቶ ተገንብተው ግድግዳቸው ላይ ሟቹ ፈረሱ ላይ ተቀምጦ፣ ጦሩን ወይም ጠመንጃውን ይዞ፣ ከብቶቹ ተከትለውት፣ አንዳንዴም አንበሳ ከፊቱ ቆሞ ይታያል። ይህ ማንም ኮሚቴ ያልሰበሰበው፣ ቤተሰብ በገዛ ገንዘቡ ያሠራው የገጠር ሕይወት መዝገብ ነው። ምን ይከበር እንደነበር፣ ሀብት በምን ይለካ እንደነበር፣ ጀግና ምን ይዞ ይሣል እንደነበር ከዚያ ማንበብ ይቻላል። ከማንኛውም ሐይቅ ዳር «የጥንት መንደር» ይልቅ እነዚህ ግድግዳዎች እውነት ይነግሩኛል፤ የተሣሉት ለጎብኚ ሳይሆን ለሟቹ ነውና።

የሞጆ–ሐዋሳ ፈጣን መንገድ ከሞጆ እስከ ባቱ ያለው ክፍሉ ከተከፈተ ወዲህ ብዙው ተሽከርካሪ አሮጌውን መንገድ እየተወው ነው። ፈጣኑ መንገድ እየተገፋ ወደ ደቡብ ሲሄድ መቃብሮቹም ቀስ በቀስ ተመልካች ያጣሉ ብዬ እሰጋለሁ። ቀለማቸው ፀሐይ የሚበላው፣ በየጊዜው መታደስ ያለበት ቀለም ነው። ቢያንስ ፎቶግራፋቸውን አንሥቶ፣ የየት አገር ሰው መቃብር እንደሆነና ሠዓሊው ማን እንደነበር ከቤተሰቡ ጠይቆ የሚመዘግብ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ አንድ ሞተር ብስክሌት፣ አንድ ካሜራና ትዕግሥት ይበቃል።

ታዲያ እነዚያንም መቃብሮች ስመለከት ያው ጥያቄ ተከተለኝ። ከብቱ አለ፤ ጮጮውን የሰፋችው የለችም። ጦሩ አለ፤ ጦሩን የቀጠቀጠው የለም። እዚህ ላይ ነው ጥፋቱ የመዝናኛ ባለቤቶችም የፓርክ ሠሪዎችም ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ። ሠሪውን ከሥዕሉ ማስወጣት የቆየ ልማዳችን ነው።

አሁን ለምን ጣቴን ጋኑ ከንፈር ሥር እንዳዞርኩ ልናገር። የእናቴ እናት ሸክላ ሠሪ ነበረች።

ልጅ ሳለሁ በጥር የትምህርት ቤት እረፍት ወደ እርሷ እንላክ ነበር። አፈሩን ራሷ ቆፍራ ታመጣዋለች። አሮጌ ገል ወቅጣ፣ ነፍታ ከአፈሩ ጋር ትደባልቀዋለች፤ ያለዚያ እሳት ላይ ይሰነጠቃል። ከዚያ ትረግጠዋለች፣ ታሸዋለች። የሚሽከረከር ነገር የላትም፤ የምትሽከረከረው እርሷ ናት፤ ጎንበስ ብላ በጋኑ ዙሪያ እየዞረች ጭቃውን በእጇ ታቆመዋለች። ከእናቷ የወረሰችው አንድ ለስላሳ የወንዝ ድንጋይ ነበራት፤ በእርሱ ነበር ገላውን እያሸች የምታሳምረው። በጥላ ሥር ካደረቀችው በኋላ በኩበትና በጭድ ትተኩሰዋለች። በመጨረሻ፣ ገና እርጥብ ሳለ ከከንፈሩ ሥር አውራ ጣቷን ሁለት ጊዜ ተጭናበት የነበረችው ምልክት ከእሳት ውስጥ ጠንክሮ ይወጣል። ገበያ ላይ የሚያውቋት ሰዎች መጀመሪያ ያንን ምልክት ይፈልጋሉ፤ ቀጥለው በጣታቸው አንኳኩተው ድምፁን ይሰማሉ።

ጋኗን እያመሰገኑ የሚወስዱት ጎረቤቶች ግን ቡና ሲጠሩ እርሷን አይጠሩም ነበር። ልጆቻቸውን ከዓይኗ ይሸሽጉ ነበር። እኔንም አባቴ «አያትህ ምን ትሠራለች ቢሉህ ነጋዴ ናት በል» ብሎኛል፤ ብያለሁም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በእጁ ሠርቶ የሚያድረውን ሰው በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። የየካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅም አርሶ መብላት ለሚፈልግ ሁሉ መሬት ፈቀደ። አዋጅ ግን የሰውን ምላስ ይገታ እንደሆነ እንጂ የቡና ስኒውን አይዘረጋም።

በነገራችን ላይ «የጥንት» የሚለው ቃልም ራሱ ስሕተት ነው። እንስራውን ቢጫው ጀሪካን አሸንፎታል፤ እርግጥ ነው። ነገር ግን በአዳማ ኮንዶሚኒየም አምስተኛ ፎቅ ላይ የሚሠራውን የኤሌክትሪክ ምጣድ ገልጠው ይዩት፤ እንጀራው የሚያርፍበት ገላ ሸክላ ነው። ሽቦው ከፋብሪካ፣ ሸክላው ከሴት እጅ። ባለቤቲቱም ምጣዱን ገዝታ ስታመጣ እንደ እናቷ በጎመን ዘር ታሟሸዋለች። ይህ ሙያ እየሠራ ያለ፣ ዛሬ ማታ እራታችንን የሚያበላን ሙያ ነው። በሙዚየም ውስጥ «ጥንታዊ» የሚል ካርድ ስንለጥፍበት ሠሪዋን በሕይወት ሳለች እንቀብራታለን።

ምን ይደረግ ለሚለኝ አንባቢ ሩቅ ያልሆነ ምሳሌ አለኝ። በምዕራብ አፍሪካ ኒጀር፣ በኒያሜ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ዛሬ በቡቡ ሃማ ስም የሚጠራው ብሔራዊ ሙዚየም ተከፈተ። በግቢው ውስጥ የየብሔረሰቡ ቤቶች አሉ፤ ከቤቶቹ ጎን ደግሞ አንጥረኛው፣ ሸማኔው፣ ቆዳ ሠሪው ተቀምጦ ይሠራል፤ የሠራውንም ይሸጣል። ጎብኚው ዕቃውን ከማየቱ በፊት የመዶሻውን ድምፅ ይሰማል። ኒጀር ከእኛ የበለጠ ሀብታም አገር አይደለችም። ስለዚህ የገንዘብ ጉዳይ ነው የሚለው ምክንያት አያዋጣም።

አዳማ ለእንዲህ ያለ ሥራ የምትመች ከተማ ናት። የጅቡቲው፣ የአሰላውና የባሌው መንገድ ይገናኝባታል፤ የሻሸመኔውም ከአፍንጫዋ ሥር ከሞጆ ይነሣል። ስብሰባተኛው በየሳምንቱ ይጎርፍባታል። አንድ ቀን አንድ ሰው ወይም አንድ ማኅበር በዚህች ከተማ የደጅ ሙዚየም ልሥራ ቢል ከእኔ የሚሰማው ምክር ሦስት ነው። አንደኛ፣ ከጎጆው በፊት ምድጃው ይነድ፤ ምድጃውን የሚያነድም ደመወዝ ይከፈለው። ሁለተኛ፣ ሠሪዋ በግቢው ውስጥ መሥሪያ ቦታ ይኑራት፤ የጋኑም ዋጋ ለእርሷ እንጂ ለአሻሻጭ አይሁን። ሦስተኛ፣ በካርዱ ላይ «የጠላ ጋን፤ ባህላዊ ዕቃ» ከማለት ይልቅ የሠሪዋ ስም፣ የተወለደችበት ቀበሌና ሙያውን ያስተማረቻት ሴት ስም ይጻፍ።

ይህን ሦስተኛውን ምክር ስጽፍ ብዕሬ መንቀራፈፉን አልደብቅም። ሐይቁ ዳር ባለው ጋን ላይ ጣቴ ያገኘው የአያቴን ሁለት የአውራ ጣት ምልክት አልነበረም። የሌላ ሴት ምልክት ነበር፤ በጥፍር የተሠሩ ሦስት አጫጭር ጭረቶች። እንግዲህ እርሷም የራሷ ፊርማ ነበራት፤ ያነበበላት ግን የለም። ወደ ቤት ተመልሼ ይህን ጽሑፍ ስጀምር የአያቴን ሙሉ ስም ከነአባቷ እዚህ ላይ ላሰፍር ወስኜ ነበር። ለእናቴ ነገርኳት። ጥቂት ዝም አለችና «ልጄ፣ ያንተ እህቶች ገና አላገቡም» አለችኝ።

ስለዚህ አልጻፍኩትም። ለሌላው ካርድ የምጠይቀውን ስም በራሴ ጽሑፍ ላይ ማስፈር አልቻልኩም። አንባቢ ይህን እንደ ጉድለት ቢቆጥርብኝ አልከራከርም። የአያቴ ለስላሳ ድንጋይ ግን በእናቴ ዘንድ፣ በሳጥን ውስጥ፣ በነጠላ ተጠቅልሎ አለ። የሚያስቀምጠው ቦታ የተገኘ ዕለት ከነስሟ እሰጣለሁ።